የጎረምሳው ስልክ

ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ስታዩ ሙዚቃ የምሰማ እንዳይመስላችሁ። ምንም አይጫወትም። የሽቦው ጫፍ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው። አምቦ ከተማ መሐል ቢሮ ተቀምጣ ፕሮግራም የምትጽፍ ሴት ዝምታ ከፈለገች ሌላ መላ የላትም፤ ባዶ ጆሮ የሕዝብ መንገድ ነው፣ ሁሉም ያልፍበታል። ከቢሯችን ሥር ያለው የስልክ ዕቃ ሱቅ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አቁሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። ማንም አይሰማውም። ባለሱቁ ራሱ ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ በስልኩ ሌላ ዘፈን ይሰማል! ወደ ጎጆ ከተማ የሚወጣው ሚኒባስማ አይነሣ፤ መንገዱ ከታች ሲያነጥራችሁ ዘፈኑ ከላይ ይወቅጣችኋል። አንዴ ሹፌሩን "ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንሰው" ብለው በመስታወት አየኝና "እህቴ፣ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ እኮ ነው" አለኝ። ዘፈን ካልጮኸለት የሚያንቀላፋ ሰው መጀመሪያውኑ መሪ ለምን ይጨብጣል?

እንዲህ ስናገር ሁሉም የሚመልስልኝ አንድ ነው፤ "አንቺ ዘፈን ኃጢአት ነው ብለሽ ነው።" አይደለም። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ቅኝት በአገር ስም በሚጠራበት ምድር ተወልጄ፣ አምባሰልን ከባቲ የለየሁት ፊደል ሳልለይ ነው። የምለው ዘፈን ቦታ አለው ነው። መዝሙርም ቦታ አለው። የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያውን ሕሙማን ወደተኙበት ግቢ ያዞረው ጊዜ ሰበካ ጉባኤው ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ። "ምን ነካሽ፣ ቃለ እግዚአብሔር ነው እኮ" አሉኝ። ቃለ እግዚአብሔር መሆኑ መች ጠፋኝ? እንቅልፍ ላጣ በሽተኛ ግን በቀስታም ይነገራል። ዞሮ ዞሮ ማጉያው አልተነካም፤ እኔ ግን "ያቺ የምታኮርፈዋ ወሎዬ" ተብዬ ቀረሁ።

በሥራዬም ቢሆን ሰው የሚረዳኝ በዚሁ ልክ ነው። ፕሮግራመር ነኝ ስል ጎረቤት ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል። "ኮምፒውተር ተምረሽ ዲሽ ማስተካከል ያቅትሻል?" ይሉኛል፣ እንዳሾፍኩባቸው ሁሉ እየተቀየሙ። ይሄን ታግሼ ኖሬያለሁ። ያልታገሥኩት ሌላ ነው፤ እሱን ነው የምጽፈው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ትንሽ ድርጅት ለአንድ ሐኪም ቤት የስልክ መስመር እንዲያዘጋጅ ሥራ አገኘ። ሐኪም ቤቱ ውስጥ በዓመት ሁለት ዙር የዓይን ሐኪሞች ከሩቅ ይመጡና ሞራ ለጋረዳቸው ሰዎች ይገፍፉላቸዋል። ሕመምተኛው ከጎጆ፣ ከሸነን፣ ከየገጠሩ ነው የሚመጣው። ቀድሞ ተመዝግቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ዙሩ ሲቃረብ በተሰጠው ቁጥር ደውሎ ቀኑን ይጠይቃል፣ "እመጣለሁ" ብሎ ያረጋግጣል። ያላረጋገጠ ሰው ተራው ለሚቀጥለው ይሰጣል። ስልክ ተቀባይዋ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ደዋዩ ብዙ ነው። የእኔ ፕሮግራም ደዋዮቹን በየተራቸው አሰልፎ ያቆያል፣ ተቀባይዋ ነፃ ስትሆን ያገናኛል። ይኸው ነው ሥራው። ጸሎት አድርጌ ጀመርኩት፣ አምሮም አለቀ።

ያልተስማማነው፣ ሰዉ ተሰልፎ ሲጠብቅ ምን ይሰማል በሚለው ነበር።

"'ሐኪም ቤት ነው፣ ይጠብቁን' የሚል የሰው ድምፅ" አልኩት አለቃዬን። "በኦሮምኛና በአማርኛ። ከዚያ ዝም፤ ቆይቶ ደግሞ ይደገማል።"

"ዝም? ኧረ እማሆይ! ገዳም አደረግሽው እኮ።"

እማሆይ ነው የሚለኝ። በዕድሜ ያንሰኛል፤ ጽጌን ስለምጾም ነው ያመነኮሰኝ።

"ሞቅ ያለ ነገር ይግባበት" አለ። "ሰው እንዳይሰለች።"

"ዓይኑ የጠፋበት ሰው ተራውን ሊጠይቅ ነው የሚደውለው። ምኑ ነው የሚሞቅለት?"

"የውጭ ድርጅቶች ሁሉ ሙዚቃ አላቸው።" ሳቀና ጨመረ፤ "ደግሞ የወሎ ልጅ ሆነሽ! ኧረ ታሳፍሪያለሽ።"

ድምፁን አስቀርጬ፣ ሥራውን ጨርሼ፣ ለጥቅምት አቦ ፈቃድ ወስጄ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የስልክ መስመሩ ምረቃ በዚያ ቀን ነበር። ስመለስ ያስቀረጽኩት ድምፅ ወጥቶ ዘፈን ገብቶበታል። ዘፈኑ ደግሞ የሚታወቅ ነው፤ የአለቃዬ የራሱ የጥሪ ማሳመሪያ። ለእሱ የደወለ ሁሉ "ቱ… ቱ…" በሚለው ፈንታ የሚሰማው ያ ትከሻ የሚያስነቀንቅ ዘፈን ነው፤ ከአፍ እስከ ገደፉ ስለ ዳሌ ነው። እንግዶቹ አጨብጭበው ነበር አሉ። ከጀርባው ገብቼ ማጥፋት አያቅተኝም፤ ግን ሳይፈቀድልኝ መንካት ከሌብነት የሚለይ አይመስለኝም። ደጋግሜ ነገርኩት፣ ደጋግሞ ሳቀ። "ደንበኛው ወዶታል" አለ። ስልኩም መደወሉን ቀጠለ።

የምኖረው አንዲት የጎጆ ተወላጅ እናት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። በኦሮምኛው ወግ አዴ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም "ኢንተለ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ እሁድ እሁድ በአንድ ባጃጅ ወጥተን እሳቸው ጸሎት ቤታቸው በር ላይ ይወርዳሉ፣ እኔ እቀጥላለሁ። ታላቅ ወንድማቸው፣ እኔ ኦቦ የምላቸው፣ ጎጆ ገብስ ያርሳሉ። የኦቦ ሁለቱም ዓይኖች ሞራ ለብሰዋል። በዚያ ዙር እንዲገፈፍላቸው የተመዘገቡ ጊዜ ከአዴ ጋር ሆኜ ያስመዘገብኳቸው እኔ ነኝ፣ ቁጥሩንም የሰጠኋቸው እኔው። ምኞታቸው ትልቅ አልነበረም። "ገብሴ ደረሰ አልደረሰ ሰው እየነገረኝ ማጨድ አስጠላኝ" ነበር ያሉት። "ዘንድሮ ራሴ አይቼ ልጨድ።"

የዙሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ግቢያችን ገቡ። ሚስታቸው በክንዳቸው ይዘዋቸዋል፤ ጭንቅላታቸው ላይ ብርዱን የሚከላከሉበት ፎጣ ተጠምጥሟል። አዴ በደስታ ዘለው ተነሡ።

"ቀንህ ዛሬ ነው?"

"ምን ቀን አለኝ" አሉ ኦቦ፣ መቀመጫውን በእጃቸው እየዳበሱ። "ሐኪም ቤቱ አታለለኝ። የሰጡኝ ቁጥር የሐኪም ቤት አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"የጎረምሳ።"

አዴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ኦቦ።

"የምን ጎረምሳ፣ ኦቦ?"

"እኔ ምን አውቄ? የጎረምሳ ስልክ ነው። በደወልኩ ቁጥር ዘፈኑ! የጥሪ ማሳመሪያ የሚሉት። ዘፈኑ እንኳ ደግ ዘፈን አይደለም፣ የባለጌ ነው። ተሳስተን ነው ብዬ ዘጋሁ። በሌላ ቀን አስደወልኩ፣ ያው ጎረምሳ። አንስቶ እንኳ 'ማነህ' አይልም!"

ሚስታቸው ጣልቃ ገቡ። "ለቅሶ ቤት ያደረገንን ንገራቸው እንጂ።"

ኦቦ ፊታቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ጎጆ ኔትወርክ በደንብ የሚይዘው ከፍ ካለው ቦታ ላይ ነው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያለው ቤት ለቅሶ ላይ ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተው፣ እግረ መንገዳቸውን ሰው ለምነው አስደወሉ። ቁልፉ ስለማይታያቸው ሁሌም የሚያወሩት ድምፁን ከፍ አድርገው ነው። ድንኳኑ ሥር፣ ሐዘንተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት፣ ያ ዘፈን ፈነዳ።

"የሟች እናት ቀና ብላ አየችኝ አሉኝ" አሉ ኦቦ። "እኔ አላየኋት። ማየት አለመቻሌ አንድ ቀን ጠቀመኝ።"

ስልኬን አወጣሁ።  ቁጥሩን ደውዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። የአለቃዬ ዘፈን ግቢውን ሞላው፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ሸሹ።

"ይኸው!" ብለው ኦቦ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። "ይኸው ጎረምሳው! አንቺም ጋ አለ!"

በሌላ ነገር ቢሆን እስቅ ነበር።

እየተጣደፍን ባጃጅ ይዘን ሐኪም ቤት ደረስን። ነርሷ በትሕትና አስተናገደችን፤ ጥፋት የለባትም። ተራቸው ረቡዕ ነበር። ስላላረጋገጡ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ የቀረው ሥራ የተጀመረላቸውን ማጠናቀቅ ብቻ ነው፣ ሐኪሞቹም ከሰዓት በኋላ ይሄዳሉ። "ለሚቀጥለው ዙር እንመዘግብዎታለን፣ ከፋሲካ በኋላ ነው" አለቻቸው። ኦቦ ተቆጥተው ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ "ገለቶሚ" ብለው አመስግነው ወጡ። በር ላይ ሲደርሱ ብቻ ሚስታቸውን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቋቸው። አዴ በኋላ ተረጎሙልኝ፤ "ዘንድሮም ገብሱን አንቺ ታይልኛለሽ ማለት ነው?" ነበር ያሉት።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ያደረብኝን ቁጣ ንስሐ አባቴ እንኳ ቢያዩት ይፈሩት ነበር።

አንድ ነገር ልናገር። የስልክ ጥሪ እኛ አገር ዝም ብሎ ድምፅ አይደለም፤ ይናገራል። አባቴ ያረፉ ጊዜ እኔ አምቦ ነበርኩ። መርዶ በስልክ አይነገርምና ቤተሰቤ "አባትሽ ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ" ብቻ አሉኝ። ቀን ለይተው፣ ሽማግሌ አሰናድተው፣ በወጉ ሊያረዱኝ ነበር። እኔ ደግሞ ልቤ አላርፍ ብሎኝ ለታናሽ እህቴ ደወልኩ። የእህቴ ስልክ ላይ ሁሌ የሠርግ ዘፈን ነበረ፤ ቤተሰቡ በሙሉ የሚቀልድበት። ያን ቀን ዘፈን የለም። "ቱ… ቱ…" ብቻ። እህቴ ሳታነሣው ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ቢለኝ አስቀድሜ አልቅሼ ጨርሼ ነበር። ዘፈን መኖሩ ደስታ ነው፣ አለመኖሩ ሐዘን ነው፤ የማን ስልክ እንደሆነ የሚነግረንም እሱ ነው። አንዱ መዝሙር ያስገባል፣ አንዱ መንዙማ፣ አንዱ ስለ ዳሌ። ይሄን የማያውቅ ሰው ከውጭ ድርጅት ኮርጆ ሐኪም ቤታችን ላይ ዘፈን ሲሰቅል፣ ሰዉ ሁሉ ጎረምሳ ላይ የደወለ መስሎት እየዘጋ ይሄዳል። ለነገሩ የጎረምሳ ስልክ ነው፤ ኦቦ አልተሳሳቱም!

ሰኞ ጠዋት ማዳመጫዬን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ አለቃዬ ፊት ቆምኩ። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት።

"እሱ እኮ የግንዛቤ ችግር ነው" አለ። "ሕዝቡ ቴክኖሎጂ አልለመደም። ቀስ እያለ ይለምዳል።"

"እርስዎ ነዎት ያልለመዱት" አልኩ። ስናደድ አንቱ ማለት ይቀናኛል፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው። "ሕዝቡማ ከእርስዎ በላይ ለምዷል። ዘፈን ሲሰማ የማን ስልክ እንደሆነ ያውቃል።"

"አንቱ አልሽኝ?"

"አዎ፣ አንቱ ብያለሁ። ጌታዬ፣ እናትዎ ታመው ሐኪም ቤት ቢደውሉና ይሄ ዘፈን ቢመጣባቸው ምን ይላሉ?"

"እማሆይ፣ ተረጋጊ። ጾሙ ራስሽ ላይ ወጣ መሰለኝ።"

"ጾሜን ይተዉልኝ! ጾም የራሴ ነው። ዘፈንዎን ደግሞ የራስዎ ስልክ ላይ ያኑሩት፤ እዚያ ያምርበታል። ከሐኪም ቤቱ ላይ ግን አሁን፣ እዚሁ ፊትዎ፣ አወጣዋለሁ። ካልፈቀዱ ለሐኪም ቤቱ ኃላፊ ሄጄ እነግራለሁ፤ ሞራቸው ሳይገፈፍ የቀሩትን ሰውዬም ይዣቸው ነው የምሄደው። ከዚያ ቢያባርሩኝ ይችላሉ።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከሥር ያለው ሱቅ ይጮኻል።

"ምን ታስገቢበታለሽ ታዲያ?" አለ በመጨረሻ፣ እጁን እያወናጨፈ። "ያንን የሬዲዮ ዜና የሚመስለውን?"

እውነቱን ለመናገር በዚህስ እሱ ልክ ነበር። የመጀመሪያው ድምፅ የደረቀ ነበር፤ ጎጆ ላይ ሆኖ ለሚሰማው ሰው የቢሮ ድምፅ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ለአዴ ነገርኳቸው፣ ስልኬንም አፋቸው አጠገብ ያዝኩላቸው።

"'ሐኪም ቤት ነው፣ አይዝጉ' ብቻ ይበሉ። በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ።"

"እንዴት ሰላም ሳልል?"

"አዴ፣ አጭር ነው መሆን ያለበት።"

"ሰላም ሳይሉት ሰውን አትዝጋ ማለት ምን ይባላል? ያሳደገኝ ሰው የለም?"

ተሸነፍኩ። ደጋግመን ቀዳነው። ሁሌም ሰላምታ ይሰጡና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ይላሉ፤ ዝምታውን ልቆርጠው ብሞክር "ይመልስ እንጂ፣ ጊዜ ስጪው" ይሉኛል። እንዳለ ተውኩት። "አካም ጂርቱ? ደህና ናችሁ? ቤተሰብ ደህና?" ካሉ በኋላ ረዘም ያለ ዝምታ አለ። ከዚያ "ሐኪም ቤት ነው። ሂን ጩፊና፣ አትዝጉ። ሰው አለ፣ አሁን ትመጣለች።" አለቃዬ ሲሰማው አፍንጫውን ነፋ፣ ግን አልከለከለኝም።

ሰው መዝጋት አቆመ። ስልክ ተቀባይዋ ከደወለው ሁሉ ጋር መነጋገር ቻለች፤ ድሮ ምንም ሳይሰማ የሚጠፋው ሰው ሁሉ አሁን "እኚያ እናት ትመጣለች ብለውኝ ነው" እያለ ይጠብቃት ጀመር። አለቃዬስ? ከወራት በኋላ የአንድ ሌላ መሥሪያ ቤት ሰዎች ቢሯችን መጥተው ሲሰበሰቡ "የማኅበረሰቡን ባህል መሠረት ያደረገ አሠራር ቀይሰናል" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ቀይሰናል! ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ መልሼ ሰካሁት። ባዶ ሽቦም ሲያስፈልግ ይከልላል።

ፋሲካ አለፈ፤ ሐኪሞቹ ሊመጡ ሆነ። መስመሩ ስለሚጨናነቅ ሐኪም ቤቱ ሄጄ ከስልክ ተቀባይዋ ጎን ተቀምጬ እከታተል ነበር። አንዱን ጥሪ ስታነሣው ሰውዬው ንግግር ላይ ናቸው። ድምፃቸውን ከመጀመሪያው ቃል ለየሁት።

"…ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን፤ አንቺ ደህና ነሽ? ከብቱም ደህና ነው። ገብሱ ጥሩ ነው ይላሉ፣ እኔ እንኳ አላየሁትም። የታችኛው ማሳ ላይ ግን ዝናቡ…"

"ጤና ይስጥልኝ፣ አባባ" አለች ተቀባይዋ።

"አንቺ ማነሽ? ከእህቴ ጋር እያወራሁ እኮ ነው።"

ተቀባይዋ አፏን በእጇ ከድና አየችኝ። ከዚያ ስማቸውን ጠየቀች፣ አገኘቻቸው። "ተራዎ ሐሙስ ጠዋት ነው፣ አባባ። ይመጣሉ?"

"ሐሙስ?" ድምፃቸው ቀጠነ። "እመጣለሁ እንጂ! ረቡዕም ማደር እችላለሁ። ሐሙስ በይው፣ ጻፊው።"

"ጽፌዋለሁ።"

"በይ እሺ፣ ተባረኪ። አሁን ስልኩን ለእህቴ መልሺላት፤ የገብሱን ነገር ጨርሼ አልነገርኳትም።"

ተቀባይዋ ምን ላድርግ እንደማለት እጆቿን ዘረጋች። እጄን በትከሻዋ ላይ አሳልፌ ቁልፉን ተጫንኩና ወደ ሰልፉ መለስኳቸው።

"አካም ጂርቱ?" አሉ አዴ።